ውሃ ለሚያንሰው የግቢ ጉድጓድ ፓምፕ መምረጥና መቆጣጠር

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ በግቢው ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባው ጉድጓዱ በሰዓት የሚያመነጨውን የውሃ መጠን ነው። ልኬቱ በበጋው ማብቂያ ቢደረግ ይመረጣል፤ በመስከረም የተለካ ጉድጓድ ሁልጊዜ ለጋስ ይመስላልና። ውሃው ከተቀዳ በኋላ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እየወረደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይለካል። የጉድጓዱ ወርድ 1 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ሊትር ስለሚጠጋ፣ የ30 ሴንቲ ሜትር ጭማሪ በሰዓት 235 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ርካሽ ቢሆንም ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው፤ ይህም ግፊት ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ ስለሚቀንስ፣ በስሌት እንኳ ከ8 ሜትር በላይ መሳብ አይቻልም፤ በተግባር ከ6 ሜትር በላይ ባይታመን ይሻላል። ውሃው ከዚያ ከራቀ ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ፣ ያስፈልጋል።

በደቂቃ 30 ሊትር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ የአንድ ሰዓቱን ውሃ በ8 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ሰብመርሲብል ደግሞ የሚቀዘቅዘው በውሃው ስለሆነ ደርቆ ሲሽከረከር ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ተንሳፋፊ ማጥፊያ (ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ እያለ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ) ከፓምፑ አፍ ከፍ ብሎ በጉድጓዱ ውስጥ፣ ሌላው በሮቶው ውስጥ ይገጠማል፤ ሁለቱም በአንድ መስመር ተከታትለው ስለሚታሰሩ ፓምፑ የሚነሳው ጉድጓዱ ውሃ ሲኖረውና ሮቶው ሲጎድል ብቻ ነው። የተንሳፋፊው ገመድ ካጠረ ፓምፑ በየደቂቃው እየተነሳ ይጠፋል፤ ይህም ሞተሩን ክፉኛ ይጎዳዋል።