ወደብ ሲጠረግ የባህር ኤሊ እንዳይሞት ምን ማድረግ አለባችሁ

ደለል የሚጠርግ መርከብ ላይ የምትሰሩ ወይ ስራውን የምትቆጣጠሩ ሰዎች እባካችሁ ይሄን አንብቡት። ኤሊ በብዛት የሚገድለው ሆፐር የሚባለው መርከብ ነው፣ እየሄደ ረጅም ቱቦ ወደ ታች ያወርድና ጫፉ ላይ ባለው ከባድ የብረት አፍ አሸዋና ጭቃውን በፓምፕ ይመጥጣል፣ ኤሊዋ ደግሞ መርከብ የሚያልፍበት ቦይ ወለል ላይ አርፋ ነው የምትገኘው፣ አፉ ሲደርስባት ማምለጥ አትችልም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ካናቬራል የሚባል ወደብ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ዓመት ብቻ 71 ኤሊ በጠረጋ ሞቶ ተመዝግቧል።

መጀመሪያ መሳሪያ ምረጡ። ስራው በባልዲ ማንሻ ወይ በካተር (ወለሉን በሚሽከረከር ስለት እየቆረጠ በሚስብ መሳሪያ) የሚያልቅ ከሆነ ሆፐር አታምጡ። ቀጥሎ ወቅት፣ በአሜሪካ ደቡብ ምስራቅ ዳርቻ ለብዙ ዓመት ከዲሴምበር እስከ ማርች ይጠረግ የነበረው ውሃው ሲቀዘቅዝ ኤሊ ስለሚቀንስ ነው፣ ግን ወቅቱን ብቻ አትመኑ፣ እዛው ካናቬራል በብርዱ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው የተገኙ አሉ።

አሁን ዋናው፣ ፓምፑ። አፉ ወለሉን ሳይነካ ፓምፑ እየሰራ ከሆነ ዙሪያው ያለውን ሁሉ ነው የሚስበው፣ ኤሊዋንም ጭምር። ስለዚህ አፉ መሬቱ ላይ በደንብ ካረፈ በኋላ ፓምፑን አስነሱ፣ ልታነሱት ስትሉ ደግሞ ቀድማችሁ አጥፉ፣ መርከቡ ሲዞርም እንደዛው። ኦፕሬተሩ ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ ይሄን ከዘለለ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የለውም ብዬ ነው የማምነው። አፉ ፊት ላይ ዲፍሌክተር አስገጥሙ፣ እንደ ማረሻ ሹል ሆኖ አሸዋውን ከፊቱ እየቆለለ ይሄዳል፣ ኤሊዋን ወደ ጎን የሚገፋት ያ ክምር ነው፣ ግን ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ወለሉ ውስጥ ካልገባ ክምር የሚባል ነገር የለም፣ ኤሊዋም ከስሩ ትገባለች። ስለዚህ ወለሉ ወጣ ገባ የሆነበት ቦታ ላይ ቀስ በሉ።

የተሳበው ውሃና አሸዋ ወደ መርከቡ የሚገባበት ላይ 10 ሳንቲሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይኑር፣ ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ኦብዘርቨር (ኤሊ መጎዳቱን የሚከታተል ታዛቢ) ይየው። የጀርባ ሽፋን ስብርባሪ ከተገኘ ተገድላለች ማለት ነው፣ ዝም ብላችሁ አትጣሉት፣ መዝግቡ፣ ስራውንም አቁማችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ኤሊ የበዛበት ቦታ ከሆነ መረብ የሚጎትት ጀልባ ቀድሞ እየሄደ ይዞ ሌላ ቦታ ይልቀቃቸው፣ ግን መረቡ ውስጥ ከቆየች ትታፈናለች፣ አንድ ጉተታ ከ42 ደቂቃ እንዳያልፍ የሚባለው ለዛ ነው።

እና ኤሊዋ አልንቀሳቀስ ካለች ሞታለች ብላችሁ ወደ ባህር እንዳትወረውሯት! በሆዷ አስተኟት፣ የኋላ ክፍሏን ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ ሳንባዋ ውስጥ ያለው ውሃ እንዲወጣ፣ ጥላ ስር አድርጋችሁ ጭንቅላቷ፣ ጀርባዋና መቅዘፊያ እግሮቿ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጉ፣ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቧት። ከ4 እስከ 24 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ጠብቁ፣ በህይወት መኖሯን ለማየት አልፎ አልፎ ጅራቷን ወይ የአይኗን ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ንኩ። ስትነቃ ፕሮፔለሩ መዞር ማቆሙን አይታችሁ በመርከቡ ኋላ በኩል ቀስ አድርጋችሁ ልቀቋት፣ ራቅ ብላ እስክትሄድ ድረስም መርከቡን አታንቀሳቅሱ።