የጥርስ ሐኪም የምትፈሩ ሰዎች፣ ፍርሃቱን የሚያብሱ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ከሊሙ ቡና ጭኖ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሾፌር፣ የጥርስ ሕክምና ወንበር ላይ ሲቀመጥ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ፍርሃቱ የጀግንነት ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፍርሃቱ ሳይሆን ሰዎች በፍርሃት ምክንያት የሚያደርጉት ነገር ነው። ጅማ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ደጋግሜ የማያቸው እነዚህን ነው።

ፊት እስኪያብጥ መጠበቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጥርሱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው መንዘር ይጀምራል፤ አትመጡም። በዚያ በኩል ማኘክ ትተዋላችሁ፤ አትመጡም። ሌሊት መጠዝጠዝ ሲጀምር ፋርማሲ ሄዳችሁ አሞክሳሲሊን ትገዛላችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ትውጣላችሁ፣ ሕመሙ ጋብ ሲል የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ዳንኩ ትላላችሁ። አልዳናችሁም! የምትውጡት መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጡ ደም አይደርሰውም። ሕመሙ ጋብ ቢልም የበሽታው ምንጭ እዚያው ተቀምጧል።

ከወራት በኋላ ጉንጭ አብጦ፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ይመጣል። የምፈራው ያንን ቀን ነው። የምንወጋችሁ ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን የሚባለው፣ ነርቩ ውስጥ በደንብ የሚገባው አካባቢው ጤነኛ ሲሆን ነው። የቆሰለና መግል የያዘ ሥጋ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ያኔ ማደንዘዣው እንደ ልብ አይሠራም። ጥርሱ ገና መንዘር ሲጀምር ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይሰማው ተሞልቶለት የሚሄድ ሰው፣ እስኪያብጥ በመጠበቁ ሕመሙን ይቀምሳል። ቤቱ ገብቶም «ማደንዘዣ ወግተውኝ እንኳ አመመኝ» ብሎ ለጎረቤት ይናገራል። እውነቱን ነው የተናገረው። ጎረቤቱም ይህን ሰምቶ የራሱን ጥርስ እስኪያብጥ ያቆየዋል። እኔ ማታ ማታ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ፍርሃቱን የሚወልደው መዘግየቱ ራሱ ነው።

ከአጋሮ በኩል የመጣች አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። አፏ አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አይከፈትም፤ እብጠቱ ከመንጋጋዋ ሥር ወደ አንገቷ ወርዷል። እኔ ጋ የሚሠራላት ነገር አልነበረም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የላክኋት። መግሉ ተቀድዶ ወጥቶላት ተርፋለች። እብጠት ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ነገ አትበሉ። የመተንፈሻ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ።

ድድ ላይ አስፕሪን፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ማስቀመጥ

ድዱን ይልጠዋል፣ ያቃጥለዋል። ከዚያ ሁለት ቁስል ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ትል አወጣለሁ የሚላችሁም ሰው የሚያወጣው ትል የለም፤ ጥርስን የሚበላው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው።

ለድፍረት ብሎ ቅሞ፣ ወይም በባዶ ሆድ መምጣት

ይሄ የኛ አገር ችግር ነው፣ በግልጽ እንነጋገር። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ማደንዘዣ ደግሞ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ነው። ቅሞ የመጣ ሰው ሲወጋ ልቡ ይደልቅበታል፣ ያልበዋል፣ የሚሞት ይመስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ማየት አይፈልግም። ያን ዕለት አትቃሙ። ከቃማችሁም ሳትደብቁ ንገሩን፤ የምንጠይቃችሁ ልንቆጣ ሳይሆን የምንሰጣችሁን ለመምረጥ ነው። የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ።

በባዶ ሆድ ጠዋት አንድ ስኒ ቡና ብቻ ጠጥቶ መምጣትም ያዞራል። ወንበራችን ላይ ራሱን የሚስት ሰው በብዛት የፈራና ያልበላ ነው። ቁርሳችሁን ብሉ። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ላይ ከሆናችሁና ነገሩ የማያጣድፍ ከሆነ ለቀጠሮው የሚመቸውን ሰዓት አብረን እንፈልጋለን።

መፍራትን መደበቅ

ወንዶች በተለይ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጠው «ምንም አይደል፣ ቀጥል» ይላሉ። እኔ ካላወቅሁ ቀስ ልል አልችልም። መርፌው ራሱ እንኳ የሚያመው በአብዛኛው ፈሳሹ በፍጥነት ሲገባ ነው፤ በዝግታ ሲሰጥ እጅግ ይቀላል። ስለዚህ ገና ስትገቡ «እፈራለሁ» በሉ፣ እጃችሁን ስታነሱ እንዲቆምም ተስማሙ። የማስተማሪያ ሆስፒታል ሄዳችሁ ተማሪዎች ከበዋችሁ ከተጨነቃችሁም ቁጥራቸው እንዲቀንስ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከሰቃ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ» አልኳቸው። መስታወቱን ገና ወደ አፋቸው ሳስጠጋ እጃቸው ተነሳ፤ አቆምኩ። ደግሜ ሳስጠጋ ተነሳ፤ አቆምኩ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ለካ እየፈተኑኝ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና «በል ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ጥርሱ እስኪወጣ ድረስ እጃቸው አልተነሳም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፦ ማደንዘዣ ሕመምን እንጂ መገፋትን አያጠፋም። ጥርስ ሲነቀል ግፊቱ ይሰማል፣ አንዳንዴም ስንጥቅ የሚል ድምፅ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ይህን ያልተነገረው ሰው ድምፁን ሲሰማ መንጋጋው የተሰበረ ይመስለዋል። ግፊት ከሆነ ታገሡ፤ ሹል ሕመም ከሆነ እጅ አንሱ፣ ማደንዘዣ ይጨመርላችኋል።

ልጅን በሐኪም ማስፈራራት

«ዝም ካላልክ ዶክተሩ በመርፌ ይወጋሃል!» እባካችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። በዚህ ያደገ ልጅ ነው በሠላሳ ዓመቱ በሻርፕ ተጠቅልሎ የሚመጣው። «ምንም አያምም» ብላችሁም አትማሉለት፤ ትንሽ ካመመው ከዚያ በኋላ እናንተንም እኛንም አያምንም። ሳያመው አምጡት። ወንበሩ ላይ ይውጣ፣ ይውረድ፣ ጥርሱን በመስታወት እንቁጠርለት፣ ይሂድ።

የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል ብሎ መስጋት

አይጠፋም። የምናይበት ነርቭና የጥርስ ነርቭ የተለያዩ ናቸው።

እርጉዝ ነኝ ብሎ መቅረት

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለጥርስ ሕክምና የሚመች ነው፤ አጣዳፊ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም ወር ይታከማል። ብቻ እርጉዝ መሆናችሁን ተናገሩ።

ከተነቀለ በኋላ ቶሎ ቶሎ መጉመጥመጥ

ቀዳዳው ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። በመትፋት፣ በመጉመጥመጥ ወይም በሲጋራ ካነሳችሁት አጥንቱ ይጋለጥና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ የባሰ ሕመም ይመጣል፤ ሰው ያኔ «ሐኪሙ አበላሸኝ» ይላል። ጎዙን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሳችሁ ያዙ፣ በጨው ውኃ መጉመጥመጡን ለማግስቱ አቆዩት። ሕመሙ ከመጣም ተመልሳችሁ ኑ፤ ይታጠባል፣ መድኃኒት ይደረግበታል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ ማሰብ

በጣም የምትፈሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ለመታየት ብቻ ኑ። «ዛሬ እንዲነካ አልፈልግም፣ እዩልኝና ምን እንደሚያስፈልገው፣ ስንት እንደሚያስወጣኝ ንገሩኝ» በሉ። ይህን ስላላችሁ የሚቀየም ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት ከሆነ ቀኑን ሙሉ እያሰባችሁት ትውላላችሁ። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ኑ፤ የራሱን የጥርስ መንቀል ታሪክ የሚተርክላችሁን ሳይሆን ዝም ብሎ አጠገባችሁ የሚቀመጠውን።