ሲጋራ የሚያጨስ ታካሚ አልጋ ሲይዝ

ታካሚው አልጋ በያዘበት ሌሊት ይቁነጠነጣል። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ በትንሹም በትልቁም ይነጫነጫል፣ «ትንሽ አየር ልውሰድ» እያለ ወደ በሩ ይመላለሳል። ይህ አመል አይደለም፤ የኒኮቲን አራራ ነው። ከመጨረሻዋ ሲጋራ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ይነሳል፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለዝባል። ስለዚህ የሲጋራውን ጉዳይ የምታነሱት ታካሚው ሊወጣ ሲል ሳይሆን ገና ካርዱ ሲሞላ ነው። ሕመም እንደሚታከም ሁሉ አራራም ይታከማል።

ጥያቄውን ቤተሰብ ፊት አትጠይቁ። አባት ወይም ሚስት አጠገቡ ቆመው «ታጨሳለህ?» ቢባል ብዙው ሰው «ኧረ በፍጹም» ይላል፤ በሴቶች ደግሞ ይብሳል። አስታማሚው ወደ ፋርማሲ ወጣ ሲል፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ጋሼ፣ የመጨረሻዋን መቼ ነው ያጨሱት?» በሉ። ሁለት ነገር ካርዱ ላይ ይስፈር፦ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨስ፣ ጠዋት ከነቃ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያዋን እንደሚለኩስ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከለኮሰ ሱሱ ጠንካራ ነው። ጫትም ይጠየቅ፤ ሲቅም ብቻ የሚያጨስን ሰው ጫቱን ሳይነኩ ከሲጋራው መለየት ከባድ ነው።

የኒኮቲን ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን) ከተገኘ፣ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ ለሚያጨስ 21 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ ቀጥሎ 14 ለ2 ሳምንት፣ በመጨረሻ 7 ለ2 ሳምንት ይለጠፋል። 10 ወይም ከዚያ በታች የሚያጨስ ከ14 ይጀምራል። ንጹህ፣ ደረቅና ፀጉር የሌለው ቆዳ ላይ ለጥፋችሁ በመዳፍ 10 ሰከንድ ተጫኑት፤ በየቀኑ ቦታው ይቀየር። ቅዠት ካስቸገረው ማታ ይነሳለት። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ታካሚው በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ካጋጠመው፣ ሐኪሙ ሳይወስን አይጀመር።

የኒኮቲን ማስቲካው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በአኘካኘኩ ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ካመነዠኩት ኒኮቲኑ ከምራቅ ጋር ወደ ሆድ ይወርድና ስቅታና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቀስ ብሎ ማኘክ፣ ለብለብ ሲያደርግ በጉንጭና በድድ መሃል ማቆየት፣ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፤ እንዲህ እያሉ 30 ደቂቃ ያህል። ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ቡናም ጭማቂም አይጠጣ፤ አሲድነታቸው ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይሰርግ ያግደዋል።

ሁለቱም ካልተገኙ አንዱ የአራራ ማዕበል ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያልፍ ንገሩት። ምግብ ካልተከለከለ ውሃ ይጎንጭ፣ ቆሎ ይቆርጥም። አስታማሚውንም አስረዱት፤ አብዛኛውን ጊዜ አዝኖለት ፍሬ ሲጋራ በኪሱ ይዞ የሚገባው እሱ ነውና።

በጣም የሚዘነጋው የመድኃኒት መጠን ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨሱ ሲቆም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ምክንያቱ ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ ፓች መለጠፉ ይህን አይለውጠውም። የአስም መድኃኒቶቹን አሚኖፊሊን ወይም ቲዮፊሊን፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹን ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ታካሚ ካለ በራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን ሲጎበኙ) ላይ አንሱት፤ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ለሚወስድ የደም መርጋት ምርመራው፣ ኢንሱሊን ለሚወጋ ስኳሩ ቀረብ ቀረብ ብሎ ይታይ። ቡናም እንዲሁ ነው፦ የለመዳት 3 ስኒ አሁን እንደ 6 ትሆንበታለች። ልቡ ሲመታና ዓይኑ ሲፈጥ «ሲጋራ ማቆሜ ነው ያመመኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ቡናውን በግማሽ ይቀንስ።

ሲወጣ የቀሪው ፓች ወይም ማስቲካ ማዘዣ በእጁ ይሁን፣ ስልኩም ይመዝገብ። በመጀመሪያው ሳምንት ደውሉ፣ ቢያንስ እስከ 1 ወር አትተዉት። «አጨስክ ወይ?» ከማለት «ከወጣህ ወዲህ ስንት ፍሬ አጨስክ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እውነቱን ለመናገር ይቀለዋል። አጭሶ ከሆነ የት፣ ከማን ጋር እንደነበር ጠይቃችሁ እዚያው ስልክ ላይ አዲስ የማቆሚያ ቀን ቁረጡለት።