ብዕሩ እምቢ ሲል፦ ሐዋሳ ላይ በፋውንቴን ፔን ለምትስሉ

በፋውንቴን ፔን፣ ማለትም ውስጡ በተሞላ ቀለም በሚጽፈው ባለ ብረት ጫፍ ብዕር፣ ስንስል መስመሩ ሲበላሽ ሁላችንም መጀመሪያ የምንወቅሰው ብዕሩን ነው። "ይሄ አይረባም" ብለን ሌላ ልንገዛ እንነሳለን። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን ወረቀቱን እዩ፣ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ እጃችሁን። ብዕሩ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው።

መስመሩ ይሰራጫል፣ ከገጹ ጀርባም ይታያል

ወረቀቱ ነው። ተራ የደብተር ወረቀት ቀለሙን ይመጠዋል። የስኬች ደብተር ስትገዙ ብዕራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁን አስፈቅዱና የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አንድ መስመር አስምሩ፣ አንድ ነጥብም አድርጉ። ነጥቧ ላይ ጫፉን ጥቂት ሰከንድ አቆዩትና ገጹን ገልብጡት። በካሬ ሜትር ከ120 ግራም በላይ የሆነና ፊቱ ለስላሳ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ይችላል። ሌላ ካላገኛችሁ በቀጭን ጫፍ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሳሉ።

አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ይዘላል

ዘይት ነው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ የተጠበሰ ዓሣ በልታችሁ ደብተር ከከፈታችሁ፣ መዳፋችሁ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይቀበልም። ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ብታዩት ሊያብለጨልጭ ይችላል። የእጅ ቅባትም ያው ነው። በሳሙና ታጠቡ፣ ስትስሉም ከመዳፋችሁ ስር ቁራጭ ወረቀት አድርጉ።

ሁሉም ቦታ ይቆራረጣል

ክዳኑን ከፍታችሁ ሐይቁን ስታዩ ቆይታችሁ ከሆነ ነፋሱ ጫፉን አድርቆታል። ስታዩ ክደኑት፣ ስትስሉ ክፈቱት። ይህ ካልሆነ፣ ከጫፉ ስር ባለው ፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ቀለም ደርቋል። በኮንቨርተሩ (ብዕሩ ውስጥ ቀለም በሚስበው ቱቦ) ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሳቡና ልቀቁ፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድገሙት። እምቢ ካለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። የፈላ ውሃና አልኮል ፕላስቲኩን ሊጎዱት ይችላሉ። የሐይቁ ውሃም ይቅር፤ ደለልና አልጌ አለበት።

ኢንዲያን ኢንክ የሚባለውን ቀለም ግን በፍጹም እንዳትሞሉበት። ብዙው ሼላክ የሚባል ሙጫ አለበት፤ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይለቅም። እሱ ለብሩሽና እየተነከረ ለሚሠራበት ብዕር ነው።

የውሃ ቀለም ስትቀቡበት መስመሩ ይሟሟል

አብዛኛው የፋውንቴን ፔን ቀለም በውሃ ይለቃል። ለፋውንቴን ፔን ተብለው የተሠሩ፣ ከደረቁ በኋላ ውሃ የማይፈታቸው ቀለሞች አሉ፤ ፕላቲነም ካርቦን ብላክ አንዱ ነው። ብዕሩ ውስጥ እንዲደርቅ ከተዋችሁት ግን ይደፍናል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መሳልና ማጠብ ይፈልጋል። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው የሚሟሟውን ነው። እርጥብ ብሩሽ መስመሩ ላይ ሳብ ስታደርጉ ጥላው በነጻ ይመጣል።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ያንጠባጥባል

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። ሽቅብ ስትወጡ የውጪው ግፊት ይቀንሳል፣ ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ይገፋዋል። ሙሉ አድርጋችሁ ወይም ባዶውን፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ያዙት።

መስመሩ ይንቀጠቀጣል

ይሄኛው እጅ ነው። በጣት ብቻ፣ አጫጭር መስመር እየቀጣጠሉ መሳል ያመጣዋል። ክንዳችሁን ከትከሻ አንቀሳቅሱ። ለዚህ ልምምድ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ የተሻለ ሞዴል አላውቅም፤ ዓሣ ገበያው አካባቢ ፍርፋሪ እየጠበቀ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆማል። መጀመሪያ ከትከሻው ጉብታ እስከ ጅራቱ በአንድ ትንፋሽ አንድ መስመር። ቀጥሎ ምንቃሩ። እግሩን ከገመታችሁት በላይ አስረዝሙት። እንዳታጠቁሩት ደግሞ፤ እግሩ ጥቁር ቢሆንም ኩሱን ስለሚለቅበት ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ወረቀቱን ባዶ ተዉለት። መስመሩ ከተሳሳተ አትሰርዙት፤ ትክክለኛውን ከጎኑ አስምሩ። ወፉ ከተንቀሳቀሰም እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው አቋቋሙ ይመለሳል።

ጫፉ ይቧጭራል

አሁን ብዕሩን ጠርጥሩ። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ከፊት ለፊት እዩት። በስንጥቁ መካከል የወረቀት ጭረት ካለ በቀጭን ፕላስቲክ አውጡት። ሁለቱ ግማሾች እኩል ካልሆኑ፣ ከፍ ያለውን በጥፍራችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉና አንድ መስመር ሞክሩ። አንዴ በኃይል ከመጫን ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ ይሻላል።