ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን አበጣበጥ፦ ለአዲስ የዋርድ ባልደረቦቼ

የፈንገስና የካላዛር መድኃኒት የሆነው አምፎቴሪሲን ቢ ከውሃ ጋር አይስማማም። ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢጨመር ይዘቅጣል፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ሊዘቅጥ አይገባም። ለዚህ ነው ፋብሪካው ከ100 ናኖሜትር በሚያንሱ የቅባት ከረጢቶች፣ በሊፖዞም ግድግዳ ውስጥ ሰክቶ በዱቄት መልክ የሚልክልን።

ባህር ዳር ላይ መድኃኒቱን አብዝተን የምናነሣው ለካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ጣፊያው አብጦ፣ ሰውነቱ ከስቶ የመጣ ወጣት አልጋው ላይ ይጠብቀናል። በ1997 ዓ.ም. ወረርሽኙ ከጣና ምሥራቅ ሊቦ ከምከም ድረስ መግባቱንም አንርሳ። ሊፖዞምን የሚውጡት የጣፊያና የጉበት ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ናቸው፤ ጥገኛ ተውሳኩ የተደበቀውም እዚያው ሴሎች ውስጥ ነው። ይህ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከመበጥበጣችሁ በፊት መለያውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ተራው (ሊፖዞም የሌለው) አምፎቴሪሲንም በ50 ሚሊግራም ቫይል (የመድኃኒት ጠርሙስ) ይመጣል፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ሊፖዞማሉ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ሲሰጥ ተራው በቀን ከ1.5 አያልፍም። መለዋወጥ ሰው ይገድላል። ያልተከፈተው ቫይል ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ይቀመጥ፤ በሚያዝያ ሙቀት መስኮት ሥር አትተዉት።

በቫይሉ 12 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ጨምሩና ወዲያው ናጡት፤ ሰዓት እያያችሁ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ በኃይል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሡት። ቢጫ፣ ስስ ጭጋግ ያለበት፣ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። የተጓጎለ ነገር ወይም ያልተበተነ ዱቄት ከታየ መናጡን ቀጥሉ። አሁን በየሚሊ ሊትሩ 4 ሚሊግራም አላችሁ።

50 ኪሎ ለሚመዝን ታማሚ በኪሎ 3 ቢታዘዝ 150 ሚሊግራም፣ ማለትም 37.5 ሚሊ ሊትር ትቀዳላችሁ። ሲሪንጁ ላይ 5 ማይክሮን ማጣሪያ ግጠሙ፤ ለእያንዳንዱ ቫይል አዲስ። በማጣሪያው እያሳለፋችሁ 112.5 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮዝ (የስኳር ውሃ) ውስጥ ስትጨምሩት በየሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊግራም ይሆናል።

ሳላይን (የጨው ውሃ) ግን በፍጹም! ጨው ሲነካው መድኃኒቱ ይዘቅጣል፤ እስካሁን የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ችግሩ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ የዴክስትሮዙ ከረጢት ላይ ሳይሆን ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቱቦ) ላይ ነው፤ ነርሷ ጠዋት በሳላይን አጥባው ይሆናል። ስለዚህ ጠይቋት፣ መስመሩንም አስቀድማችሁ በዴክስትሮዝ እጠቡ። ሌላ መድኃኒት በዚያው መስመር አታሳልፉ።

ከተቀጠነ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ መስጠት ጀምሩ፤ ለ2 ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ ይውረድ። መጀመሪያ ላይ ታማሚውን ብርድ ብርድ ካለው፣ ጀርባውን ወይም ደረቱን ካመመው አቁማችሁ ሐኪሙን ጥሩ። ሊፖዞሙ ኩላሊትን ከጉዳት ቢያተርፍም ሙሉ በሙሉ አይከላከልለትም፤ በደም ምርመራ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) እና ፖታሲየም በየጊዜው ይታይ፣ ውጤቱም ቀጣዩ ዶዝ ከመበጥበጡ በፊት እጃችሁ ይግባ።