የነርሲንግ ፒኤችዲ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ሆኖ እንዴት ይሠራል

ኮርሱን አዲስ አበባ ተምሬ ጥናቱን የሠራሁት እዚሁ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ነው። አሁን ዋርድ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ነርሶች «ከየት ልጀምር?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ነው የምጽፈው።

1. መግቢያ። ማስተርስ፣ ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ጋት) እና ከመሥሪያ ቤት የስፖንሰር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን ኮንሰፕት ኖቱ (የጥናት ሐሳባችሁን የምታቀርቡበት አጭር ጽሑፍ) ላይ ድከሙ። ርዕሱን ከሰው ጽሑፍ ሳይሆን ተረኛ ሆናችሁ ካያችሁት ነገር አውጡት። እኔን ያስጀመረኝ የደም ግፊት ታካሚዎች ስትሮክ ይዘው ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

2. አማካሪ። ስሙ ከገነነው ይልቅ የጻፋችሁትን ምዕራፍ አንብቦ የሚመልሰው ይበልጣል። አሁን የሚያማክራቸውን ተማሪዎች «ጽሑፋችሁ በስንት ሳምንት ይመለሳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. ኮርስ ወርክና ኮምፕሬሄንሲቭ (የኮርሶቹ ማጠቃለያ ፈተና)። ተማሩ፣ እለፉ። ሪፈረንስ የሚያደራጀውን ዞቴሮ የሚባል ሶፍትዌር ግን ከመጀመሪያዋ ቀን ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ሪፈረንስ በእጅ መደርደር ዕድሜ መጨረስ ነው።

4. ፕሮፖዛልና ፈቃድ። ማስተርስ ላይ 384 ሰው ላይ 10 በመቶ ጨምራችሁ 422 ብላችሁ ያለፋችሁበት የናሙና ብዛት ስሌት እዚህ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ዓላማ ለብቻው አስሉ። የቤት ለቤት መረጃ ለምትፈልጉ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልደትና ሞት ሲመዘግብበት የቆየው የቀርሳ የጥናት ጣቢያ አለ፤ ከባዶ ከመነሳት በፊት እሱን ጠይቁ።

ከኤቲካል ክሊራንሱ (የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃዱ) በኋላ የደብዳቤ ነገር አለ። ከድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል እስከ ሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ድሬዳዋ የራሱ ጤና ቢሮ አለው፣ ሐረሪ የራሱ፣ መሃል ያለው ምሥራቅ ሐረርጌ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ከድሬዳዋ የደንገጎን አቀበት ወጥታችሁ ሐረር እስክትገቡ ሦስት አስተዳደር ታቋርጣላችሁ፤ ደብዳቤውም ሦስት ነው። በአካል ሂዱ፣ ቅጂ ያዙ፣ የገባበትን ቁጥር ጻፉ።

5. መጠይቁ። ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ነገር ነው፤ እኔን የሁለት ወር ሥራ ያስጣለኝም እሱ ነው።

የእንግሊዝኛው ጥያቄ «መድኃኒት አቋርጠው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። የተረጎመልኝ ሰው ለታካሚ ሻካራ እንዳይሆን ብሎ «መድኃኒትዎን አላቋረጡም አይደል?» አደረገው። እኔም አነበብኩት፣ ጨዋ ነው ብዬ አሳለፍኩት። ዳታው ሲመጣ አብዛኛው ሰው አቋራጭ ሆኖ ተገኘ። ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት መረጃ ሰብሳቢው ቀርቶ እኔ ራሴ ገባሁ። «እማማ፣ መድኃኒትዎን አላቋረጡም አይደል?» ስላቸው «አዎ» አሉኝ፤ እጄ «አዎ» የሚለው ላይ አከበበ፤ ቅጹ ላይ ያ ማለት አቋርጠዋል ነው። እሳቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የኪኒኑን ማሸጊያ አሳዩኝ፤ ሁለት ፍሬ ቀርቶታል፣ የቀጠሯቸውም ቀን ከነገ ወዲያ ነበር። አንድም ቀን አላጓደሉም። «አዎ፣ አላቋረጥኩም» ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ነው ደንግጬ የተነሳሁት። የተሰበሰበው በሙሉ እንደዚያ ተሞልቶ ስለነበር የማን «አዎ» የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም፤ ጣልኩት።

ስለዚህ አሉታዊ ጥያቄ አትጻፉ። «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን ሳይውጡ ቀሩ?» ብላችሁ ቁጥር ተቀበሉ። ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ ለየብቻ ሁለት ተርጓሚ ያዙ፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያ አስተያዩ። የደም ግፊት ብላችሁ የጻፋችሁትን ብዙ ሰው ደም ብዛት ነው የሚለው፤ ሁለቱንም አስገቡ። ፕሪቴስቱን (የመጠይቁን ቅድመ ሙከራ) ከናሙናው 5 በመቶ ሞላን ብላችሁ አትለፉት። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ጥያቄው ምን መሰለዎት?» በሉ። እኔ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብጠይቅ ኖሮ ሁለት ወር አይጠፋም ነበር።

6. መረጃ መሰብሰብ። በወረቀት አትሥሩ። ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የስልክ መጠይቅ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፣ ማታ ይላካል፣ ግዴታ ያላችሁት ጥያቄ ሲዘለልም አያሳልፍም። ቤት ለቤት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ በርጫ (ጫት) ላይ የተቀመጠን ሰው ለ40 ደቂቃ መጠይቅ ማስነሳት አይገባም፣ መልሱም አይታመንም። ረመዳን ሲገባ የመድኃኒት ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ስለሚዞር፣ ጥናታችሁ መድኃኒት አወሳሰድ ላይ ከሆነ ወሩን ለይታችሁ መዝግቡ።

7. ጽሑፍና ኅትመት። ትንተናውን በስታታ ወይም በአር ሶፍትዌር ራሳችሁ ሥሩት፤ ለከፈላችሁት ሰው ሰጥታችሁ ግን ዲፌንስ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት ማቅረብ) ላይ መልስ የለም። በሳምንት ውስጥ «ተቀብለናል፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል ጆርናል ሲጽፍላችሁ ሽሹ። ከኢትዮጵያ ለሚልክ ጸሐፊ ክፍያውን የሚተዉ ጥሩ ጆርናሎች አሉ፤ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ።

8. ዲፌንስ። ዋርድ ላይ ላሉ ባልደረቦቻችሁ አንድ ጊዜ አቅርቡት፤ ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ የመጣው ከአንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ነበር። የፈታኞቹን እርማት በዚያው ሳምንት ጨርሳችሁ አስፈርሙ፤ ሥራ ከገባችሁ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መመላለስ ወራት ይፈጃል።