ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን የሚሸጠው ምንድን ነው?

የአንድ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ቅጂ ብዙ ድካም ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ለማባዛት የሚወጣው ወጪ ግን ከምንም አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት ብዙ ተፎካካሪዎች ተቀራራቢ ነገር በሚያቀርቡበት ገበያ የቅጂው ዋጋ ወደ ዜሮ እየወረደ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት የድር ማሰሻውን ያለ ክፍያ በማደሉ ኔትስኬፕም በ1998 እ.ኤ.አ. የራሱን በነጻ ለመስጠት ተገዷል። ስለዚህ ዋጋ ከመተመንዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ተፎካካሪዬ ኮዴን ነገ ጠዋት እንዳለ ቢገለብጠው፣ ደንበኛዬ ለእኔ መክፈሉን የሚቀጥለው ስለ ምን ነው?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነት ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ሊኑክስ (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ኮዱ ክፍት በመሆኑ፣ ሴንትኦኤስ የተባለ አቻ ሥርዓት ከዚያው ኮድ ተገንብቶ በነጻ ይታደል ነበር፤ ሆኖም ድርጅቶች ለሬድ ሃት መክፈላቸውን አላቋረጡም፤ የገዙት ለዓመታት የሚዘልቅ የደኅንነት ጥገና፣ ከሃርድዌር አምራቾች ጋር የተረጋገጠ ተስማሚነት እና ሥርዓቱ ሲቆም የሚጠየቅ አካል ነበርና። አይቢኤም ኩባንያውን በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎታል። ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል፤ ኮዱ የቅጂ መብት የማይጠየቅበት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሳለ፣ አዘጋጆቹ የድጋፍ ውል፣ ለሕዝብ ያልተለቀቀ የመሞከሪያ ስብስብ፣ እንዲሁም ወረቀት ካላዩ ለማይረኩ የሕግ ክፍሎች የመጠቀም መብት ማረጋገጫ ሰነድ ይሸጣሉ።

ሌሎች ኮዱን በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙበት የሚደነግገውን ፈቃድ፣ ከውጭ ሰዎች የሚመጣ የመጀመሪያውን የኮድ አስተዋጽኦ ከመቀበልዎ በፊት ይወስኑ። የመረጃ ቋት ሶፍትዌር የሆነው ማይኤስኪውኤል እንዳደረገው አንዱን ኮድ በጂፒኤል (በኮዱ ላይ የተሠራውን የሚያከፋፍል ሁሉ የራሱንም ኮድ ክፍት እንዲያደርግ በሚያስገድድ ፈቃድ) በነጻ ማቅረብና በዝግ ምርታቸው ውስጥ ሊያስገቡት ለሚፈልጉ የንግድ ፈቃድ መሸጥ የሚቻለው መብቱ በአንድ እጅ ሲጠቃለል ብቻ ስለሆነ፣ አስተዋጽኦ አድራጊዎችን ይህን መብት የሚሰጥ ውል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስፈረም ያስፈልጋል። ተጠቃሚ ከበዛ በኋላ ፈቃድ መቀየር እጅግ ውድ ነው። የፍለጋ ሶፍትዌር ሠሪው ኢላስቲክ በ2021 ፈቃዱን ሲያጠብቅ አማዞን ከቀድሞው ክፍት ኮድ ኦፕንሰርች የተባለ የራሱን ፕሮጀክት ለየ፤ የሰርቨር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሠሪው ሃሺኮርፕ በ2023 ተመሳሳይ እርምጃ ሲወስድ በዚያው መንገድ ኦፕንቶፉ ተወለደ፤ የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌሩ ሬዲስም በ2024 ሲከተል ቫልኪ ተነሣ። ኢላስቲክና ሬዲስ ቆይተው ክፍት ፈቃድ መልሰው ጨምረዋል፤ የተለዩት ፕሮጀክቶች ግን በራሳቸው መንገድ ቀጥለዋል።

ከኮዱ ከፊሉን በነጻ፣ ከፊሉን በክፍያ ለማቅረብ ከመረጡ፣ ድንበሩን በተጠቃሚው ዓይነት ያስምሩ። ግለሰብ የማይፈልጋቸው፣ ተቋም ግን ያለ እነርሱ ምርቱን ሊገዛ የማይችልባቸው ነገሮች አሉ፦ የተማከለ የመግቢያ ሥርዓት፣ የሥራ ክንውን መዝገብ፣ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወስኑ ዝርዝር ደረጃዎች። እነዚህን ያስከፍሉባቸው። ነጻውን ክፍል ሆን ብሎ ማሽመድመድ ግን ተፎካካሪን በር ከፍቶ ማስገባት ነው።

በመተግበሪያ መደብር በኩል ከሸጡ የመደብሩን ድርሻ አስቀድመው ያስሉ፤ የአፕል መደበኛ ድርሻ ለረጅም ጊዜ 30 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ለማይበልጥ አልሚዎች ከ2021 ጀምሮ 15 በመቶ ሆኗል።

ዋጋ በመቀነስ አይወዳደሩ፤ ቅናሽን ማንም በአንድ ቀን ሊከተለው ይችላል። ይልቁንም ክፍያውን ደንበኛው ከሚያገኘው ጥቅም ጋር አብሮ በሚያድግ መለኪያ፣ ለምሳሌ በሠራተኛ ወይም በሰርቨር ቁጥር ያስሉት፤ ለአዲስ ደንበኞች ከፍ ያለ ዋጋ ሲሞክሩም ነባሮቹን በቀድሞው ዋጋ ያቆዩአቸው።